በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ሚዛንና አየር የሚያስተምሩን

ገበያ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ስፍራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ገበያ ትምህርት ቤትም ነው። በመጻሕፍት ውስጥ በከባድ ቃል ተጽፎ የምናገኘው የተፈጥሮ ሕግ በገበያ ውስጥ በሽንኩርትና በድንች፣ በታሸገ ቆርቆሮና በመኪና ጎማ ላይ ተገልጦ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የፊዚክስ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚያገኛቸው ነገሮች ሦስቱን፣ ይኸውም የስበትን መስክ፣ ግፊትንና ንጽጽርን፣ በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ባለው ነገር እያመለከትን ለማስረዳት አስበናል። ይህን ዕውቀት ያገኘ ሰው ገንዘቡን ከአታላይ፣ ቤተ ሰቡንም ከበሽታ ለመጠበቅ ስለሚረዳው ጉዳዩ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቤት የሚያስፈልግ ነው።

ከሌሎች ገበያዎች ሁሉ ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ከተሰየመው አደባባይና በ1906 ከተሠራው ከሐሙዲ መስጊድ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ ሱማሊኛና አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ተቀላቅለው የሚሰሙበት ስፍራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውቃለን። ከተማይቱ በባሕር ዳር ያለች ስለ ሆነች ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ለገበያዋ ከሚቀርበው አትክልትና ፍራፍሬ ብዙው ግን ከኢትዮጵያ ይመጣል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር፣ ከእርሱም በኋላ በ2018 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ እንዲሁም በአውራ ጎዳናው የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ሁሉ ይህን ቁልቁለት የሚያውቁ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ ድሬዳዋ በ1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ1911 አሥመራ የደረሰው የምጽዋ የባቡር ሐዲድም እንዲሁ ባሕርንና 2300 ሜትር ከፍታ ያለውን ደጋ ያገናኘ ነበር። እንግዲህ ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ ዕቃ ሁሉ፣ ነጋዴው ሳያውቀው፣ ሁለት ነገር ይለወጥበታል። አንደኛው ምድር እርሱን የምትስብበት ኃይል ነው፤ ሁለተኛውም አየሩ እርሱን የሚጫንበት ግፊት ነው። የመጀመሪያው የሚለወጠው በጣም በጥቂቱ ነው፤ የሁለተኛው ለውጥ ግን ብዙ ነው።

ስለ ስበት መስክ

በተራው አማርኛ መስክ ማለት ከብት የሚሰማራበት ሣር ያለው ሜዳ ነው። በፊዚክስ ግን በውስጡ ባለው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ለዕቃ ሁሉ የተወሰነ የኃይል ድርሻ የሚሰጥ ስፍራ መስክ ይባላል። ድርሻው ከሰዓት ወደ ሰዓት፣ ከቀን ወደ ቀን የማይለዋወጥ ሲሆን መስኩን የረጋ መስክ እንለዋለን። የምድር ስበት መስክም ለገበያ ሥራ ያህል የረጋ ነው። ጧት የተመዘነ ሽንኩርት ማታ ቢመዘን፣ ካልደረቀ ወይም ካልተሰረቀ በቀር፣ ክብደቱ ያው ነው።

ነገር ግን መስኩ በጊዜ አይለዋወጥ እንጂ በስፍራ ይለያያል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ዣን ሪሼ የተባለ የፈረንሳይ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። እርሱ በ1672 በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ወደ ካየን በሄደ ጊዜ፣ በፓሪስ በትክክል ይሠራ የነበረው ባለ ፔንዱለም ሰዓቱ በዚያ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ የሚቀር ሆነ። ምክንያቱም ካየን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆንዋ የስበቱ ኃይል ከፓሪስ ያነሰ ስለ ሆነ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ምድር አንዱን ኪሎ ግራም በፓሪስ 9.81፣ በጅቡቲ 9.78፣ በአዲስ አበባም 9.774 ገደማ በሚሆን ኒውተን ኃይል ትስበዋለች። አዲስ አበባ ከጅቡቲ የምታንሰው ከምድር መካከል በከፍታዋ ያህል ስለ ራቀች ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዕቃው ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት መጠነ ቁስ ይባላል፤ ይህም በፓሪስም ሆነ በጅቡቲ፣ በጨረቃም ላይ ቢሆን አይለወጥም። ክብደት የሚባለው ግን ምድር ያን ቁስ የምትስብበት ኃይል ነው፤ እርሱም እንደ ስፍራው ይለያያል። በገበያ ቋንቋ ሁለቱም ክብደት ተብለው ስለሚጠሩ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ገዢ የሚከፍልበት፣ የሚበላውም መጠነ ቁሱን እንጂ ስበቱን አይደለም።

ስለ ሁለት ዓይነት ሚዛን

በገበያ ውስጥ የምናየው ሚዛን በጠባዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለ ሞላ ሚዛን ነው። ዕቃው ሲንጠለጠልበት ሞላው ይለጠጣል፤ የመለጠጡም መጠን በቀስቱ ይነበባል። ይህ ሚዛን የሚለካው የስበትን ኃይል ስለ ሆነ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር ንባቡ ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ በትክክል የተስተካከለ ባለ ሞላ ሚዛን ወደ ጅቡቲ ቢወርድ በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ላይ 0.8 ግራም ያህል አብዝቶ ያሳያል። በቁጥር የሚያሳየውም የኤሌክትሪክ ሚዛን በውስጡ የሚለካው ኃይልን ስለ ሆነ፣ በሚሠራበት ስፍራ በታወቀ መመዘኛ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው ሁለት ሳሕን ያለው የአግዳሚ ሚዛን ነው። ይህ ኃይልን አይለካም፤ የሚያደርገው አንዱን ከሌላው ማነጻጸር ነው። በአንዱ ሳሕን ሽንኩርት፣ በሌላው የሚዛን ብረት ይቀመጣል። ምድር ሽንኩርቱን ቀለል አድርጋ ብትስብ ብረቱንም በዚያው ልክ ቀለል አድርጋ ትስበዋለች፤ ስለዚህም በሁለቱ መካከል ያለው ንጽጽር አይናወጥም። የስበቷ ኃይል የምድር ስድስተኛ እጅ ብቻ በሆነው በጨረቃ ላይ እንኳ ይህ ሚዛን እውነቱን ይናገራል። የጥንት ነጋዴዎቻችን የፊዚክስ መጽሐፍ ባያነቡም ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የማርያ ቴሬዛ ብር ለገንዘብነት ብቻ ሳይሆን የወቄት ልክ አድርገው በሚዛን ሳሕን ላይ ያስቀምጡት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ብሩ ከቪየና ይምጣ እንጂ በምጽዋም ሆነ በሐረር በሚዛን ላይ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነበር።

የአግዳሚ ሚዛንም ቢሆን ግን የሰውን ክፋት አይከለክልም። ንጽጽሩ እውነተኛ የሚሆነው የአግዳሚው ሁለት ክንዶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። አንዱ ክንድ 20፣ ሁለተኛው 21 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሻጩ ዕቃውን በረጅሙ ክንድ፣ አንድ ኪሎውን ብረት በአጭሩ ቢያደርግ፣ ሚዛኑ እኩል ሆኖ የሚቆመው ዕቃው ከአንድ ኪሎ 20 ሃያ አንደኛ እጅ፣ ማለት 952 ግራም ሲሆን ነው። ገዢውም 48 ግራም ተሰርቆ ይሄዳል። ይህን ከምድር ጋር እናስተያየው። ባለ ሞላው ሚዛን ከደጋ ወደ ባሕር በመውረዱ የሚመጣው ስሕተት 48 ግራም እንዲሞላ 60 ኪሎ ሙሉ ጆንያ ያስፈልጋል። ምድር ከአንድ ጆንያ የምትወስደውን አታላይ ሰው ከአንዲት ኪሎ ላይ ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ በሚዛን ነገር የተፈጥሮን መለዋወጥ ሳይሆን የእጅን መለዋወጥ መጠበቅ ይገባል።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ሚዛኑ እኩል ሆኖ ከቆመ በኋላ ዕቃውና ብረቱ ሳሕን እንዲለዋወጡ መጠየቅ ነው። ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ሚዛኑ እንደ ቀድሞው ይቆማል፤ እኩል ካልሆኑ ግን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ሐሰቱን ይገልጣል። ብረቱ ራሱ የተቦረቦረ እንደ ሆነ ግን መለዋወጡ አያጋልጠውም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ላደረበት ሰው ውሃ ምስክር ይሆነዋል፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናልና፣ የባዶውን ጠርሙስ ክብደት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያንኑ ደምሮ የሻጩን ብረት ሊፈትንበት ይችላል። የኤሌክትሪክ ሚዛን ሲሆን ደግሞ ዕቃው ከመቀመጡ በፊት ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን ማየት መልካም ልማድ ነው። ከሐረርጌ እየወረደ በጅቡቲ የሚሸጠው ጫት ግን የሚሸጠው በእስር ስለ ሆነ በሚዛን አይዳኝም፤ እዚያ ላይ ፈራጁ የገዢው ዓይን ነው።

ስለ አየር ግፊት

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። አንድ ኃይል በአንድ ስፋት ላይ ሲያርፍ፣ ኃይሉ ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ግፊት ይባላል። ስለዚህ ግፊት ራሱ የንጽጽር ልጅ ነው። የቢላዋ ስለት በትንሽ ኃይል ሥጋ የሚቆርጠው ኃይሉ በጠባብ ስፋት ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ያው ኃይል በቢላዋው ጀርባ ቢያርፍ አይቆርጥም።

አየር የማይታይ ቢሆንም ክብደት አለው። ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በ1643 ይህ ክብደት 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ባዜቃ ሊሸከም መቻሉን አስረዳ። ፈረንሳዊው ፓስካልም አየሩ ከፍ ባለ ስፍራ የሚያንስ መሆኑን ለመፈተን አማቹን ፔሪዬን በ1648 ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ አስወጣው፤ በተራራው ጫፍ ላይም ባዜቃው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተራራ ላይ የቆመ ሰው ከበላዩ ያለው አየር በባሕር ዳር ከቆመው ሰው ያነሰ ነው።

በጅቡቲ ገበያ አየሩ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ጭነት ይጥላል። መቶ ሳንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው የአንድ ሰው መዳፍ እንግዲህ አንድ ኩንታል ተሸክሟል ማለት ነው። መዳፉ የማይደቅቀው አየሩ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ከጎንም በእኩል ስለሚገፋ፣ በሰውነታችን ውስጥ ያለውም ግፊት ስለሚመልስለት ነው። በአዲስ አበባና በአሥመራ ይህ ጭነት ወደ ሦስት አራተኛው ዝቅ ይላል፤ የቶሪቼሊ ባዜቃም ከ76 ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህን ሦስት አራተኛ የሚለውን ንጽጽር አንባቢ በአእምሮው ቢይዘው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይገለጥለታል።

በማድ ቤት

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። የአየሩ ግፊት ባነሰበት ስፍራ ውሃው ሳይግል ይፈላል። በጅቡቲ በ100 ዲግሪ፣ በድሬዳዋ በ96፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህም የተነሣ ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል ብዙ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ በባሕር ዳር ግን ቶሎ ይበስላሉ። ከደጋ ወርዳ በጅቡቲ ቤት የሠራች እመቤት ወጥዋ ባልጠበቀችው ሰዓት ሲበስል ብታገኘው፣ እህሉ ወይም እጅዋ ስለ ተለወጠ አይደለም።

እዚህ ላይ የከሰልንም ነገር ማንሣት ይገባል። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ በደጋ ያለች እናት ባቄላው እምቢ አለ ብላ ከሰል ብትደራርብ ገንዘብዋን ታቃጥላለች። የሚጠቅመው በእሳቱ ፈንታ ግፊቱን መጨመር ነው፤ ይኸውም ክዳኑ ጠበቅ ብሎ በሚገጠምና እንፋሎቱን በልክ በሚያስወጣ ድስት መቀቀል ነው። በዚያ ድስት ውስጥ ደጋው ወደ ቆላ፣ እንዲያውም ከቆላ በታች ይወርዳል።

ለሕፃናት የሚፈላውንም ውሃ በሚመለከት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚሰጠው ምክር ይህንኑ ሕግ የተከተለ ነው። በዝቅተኛ ስፍራ ውሃው እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ እንዲፈላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ግን ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ያዝዛል። የሙቀቱ መጠን በጥቂቱ ሲያንስ ጊዜው መርዘም አለበት ማለት ነው።

ስለ ታሸገ ምግብ

ከሁሉ ይልቅ ቤተ ሰብን የሚመለከተው ይህ ነው። አንድ ሊትር አየር የያዘ ከረጢት በአዲስ አበባ 17 ዲግሪ በሆነ ቀን ታሽጎ፣ 37 ዲግሪ በሆነ ቀን ጅቡቲ ገበያ ደረሰ እንበል። ሙቀት አየርን ያሳብጣል፤ ታዲያ ከረጢቱ ያብጥ ይሆን? ቸኩሎ የሚያስብ ሰው 37 ከ17 እጥፍ ስለሚበልጥ አየሩ እጥፍ ይሆናል ሊል ይችላል። ይህ ግን የንጽጽርን መነሻ አለማወቅ ነው። የአየር ሙቀት የሚነጻጸረው ውሃ ከሚረጋበት ነጥብ ሳይሆን ከዚያ 273 ዲግሪ በታች ካለው ከፍጹሙ ዜሮ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የሚነጻጸሩት 290 እና 310 ናቸው፤ ሙቀቱ አየሩን የሚያሳብጠው በመቶ 7 ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ የአየሩ ግፊት ስለ በረታ ከረጢቱ ወደ ሦስት አራተኛው ይጨመቃል። ሁለቱን ብናባዛቸው አንዱ ሊትር ወደ 0.8 ሊትር ይወርዳል። ከረጢቱ ይሟሽሻል እንጂ አያብጥም። ከጅቡቲ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ለስላሳ ከረጢት ግን በተቃራኒው እስከ አንድ ሊትር ከሩብ ሊነፋ ይችላል፤ ይህም በራሱ የመበላሸት ምልክት አይደለም።

እንግዲህ ከደጋ ታሽጎ የወረደ ምግብ በጅቡቲ ገበያ አብጦ ቢታይ ምን እንላለን? ቆላው አሳበጠው ልንል አንችልም፤ ስሌቱ ተቃራኒውን ይመሰክራልና። ቀሪው ጥርጣሬ በውስጡ ተሐዋስያን ረብተው ጋዝ እያወጡ መሆናቸው ነው። ከእነዚህ መካከል አየር በሌለበት የሚራባውና ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣው ተሐዋስ ይገኝበታል። ስለዚህ ያበጠን ቆርቆሮ ማንም ሰው ከየትም ይምጣ ከየት መግዛት የለበትም፤ በቤቱም ቢያገኘው ቀምሶ ሳይፈትን ይጣለው። ሻጩ «ሙቀት ነው» ቢለው ንጽጽሩን ያስታውስ። አለማበጡም ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ ስላልሆነ፣ የታሸገበትንና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ፣ የዛገና የተጨፈለቀ ቆርቆሮንም መተው ያስፈልጋል።

ስለ መኪና ጎማ

ዕቃውን ያወረደው ሾፌርም ከዚህ ትምህርት ድርሻ አለው። የጎማ ነፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ሁሉ ሳይሆን፣ ከውጭው አየር የበለጠበትን ትርፍ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በ17 ዲግሪ መለኪያው 8 ቢያሳይ፣ ልኩም የባሕር ዳር አየር ግፊት ቢሆን፣ በውስጡ ያለው በእውነቱ 8.75 ነው፤ የአዲስ አበባ አየር 0.75 ነውና። በጅቡቲ በ37 ዲግሪ ይህ ወደ 9.35 ያድጋል፤ መለኪያውም የውጭውን 1 ቀንሶ 8.35 ያሳያል። ይህ መኪናው ከቆመ በኋላ የሚታየው ነው፤ በጉዞ ላይ የጎማው ግለት ይጨምርበታል። ስለዚህ ከደጋ ሲነሡ ከተወሰነለት ልክ በላይ ጎማን መንፋት፣ በበረሃም መንገድ ላይ ጎማው ሳይበርድ ነፋስ ማውጣት ስሕተት ነው። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ጎማው በቀዘቀዘ ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንሰበስበው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ብቻውን የቆመ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ኪሎው በየትኛው ብረት ተለካ? ሙቀቱ ከየትኛው ዜሮ ተቆጠረ? ግፊቱስ ከየትኛው አየር በላይ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቁጥር አይታለልም። ምድር በስበቷ፣ አየርም በግፊቱ ሕጋቸውን ለደጋውም ለቆላውም፣ ለሻጩም ለገዢውም ሳያዳሉ ይጠብቃሉ። የሚያዳላው የሰው እጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንባቢዎቻችን ወደ ገበያ ሲሄዱ ከዘንቢላቸው ጋር ይህን ጥያቄ ይዘው እንዲሄዱ፣ ልጆቻቸውንም ሚዛን ሲለዋወጥ ቆመው እንዲመለከቱ እንዲያስተምሩ እንመክራለን።